አማቴ ያጠቡት ማስረጃ

አማቴ በዕድሜያቸው ሙሉ ያላቸው ጠላት አንድ ነው፤ እድፍ። የበደላቸውን ሰው በሳምንቱ ይረሳሉ፣ እድፍን ግን ይቅር ብለው አያውቁም። ልጃቸውን ማግባት እንደምፈልግ ልነግራቸው መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት፣ ገና ወንበር ላይ ሳልደላደል ዐይናቸው የሸሚዜ ኪስ ላይ ተተከለ። ስለ ሥራዬ አልጠየቁኝም፣ ስለ ወላጆቼም አልጠየቁኝም።

«ይሄ የእስክሪብቶ ቀለም ስንት ቀኑ ነው?» አሉኝ።

«ሳምንት ቢሆነው ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። ሸሚዜን አስወልቀው የሟች ባለቤታቸውን ሹራብ አለበሱኝና ይዘውት ጓዳ ገቡ። ስንት ቀን ያጠናሁትን የጋብቻ ጥያቄ፣ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ ሹራብ ለብሼ ለጓዳው በር ተናገርኩ። ከውስጥ ከውሃው ድምፅ ጋር «እሺ፣ እሺ» ይሉኛል። እሺ ያሉት ለእኔ ይሁን ለሸሚዙ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ሚስቴን አገባሁ፣ ቀለሙም ለቀቀ።

ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። የቀዶ ጥገናው አንሶላ፣ የማዋለጃው ጨርቅ፣ የሐኪሞቹ ጋውን ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ሌላው ሰው ደም ሲያይ ይደነግጣል፤ አማቴ ደም ሲያዩ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። በኋላ ሆስፒታሉ ትልልቅ ማሽን አስገባና ክፍሉ ተዘጋ፤ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ዓመት ሲቀራቸው ቤት ተቀመጡ። ቤት ተቀመጡ ማለት እኔ ቤት ተቀመጡ ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጋረጃዎቹን ለሦስተኛ ጊዜ አጥበው ጨርሰው፣ ጎረቤት የሚታጠብ ነገር ካለው እንዲያመጣ እየለመኑ ነበር። ሚስቴ «እባክህ ለእናቴ የሆነ ሥራ ፈልግላት፣ አለዚያ አንተንም ማጠቧ አይቀርም» አለችኝ።

እኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ «ነገ ይምጡ» እላለሁ። በዚያው ሰሞን የኤግዚቢት ክፍሉ ጠባቂ ሥራ ለቆ ነበር። ኤግዚቢት የምንለው በወንጀል ጉዳይ ማስረጃ ሆኖ የተያዘውን ዕቃ ነው። እንግዲህ እኔ ብልሁ ለአለቃዬ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ «ንጹሕ፣ ታማኝ፣ ሥርዓት አክባሪ ናቸው» ብዬ ፈረምኩበት። አንድም ውሸት የለበትም። ጣጣውን ያመጣው ያ «ንጹሕ» ያልኩት ነው።

ክፍሉ ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለች፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ የተሰበረ ጓጉንቸር፣ አንድ እግር ጫማ፣ ከማጠፊያው ተነቅሎ የመጣ በር፣ ባለቤቱ የሞተ ብስክሌት። አማቴ በገቡ በወሩ ወለሉ ፊት ያሳያል ተባለ። ቢላዋዎቹን በቁመታቸው ደረደሯቸው፤ አንድ መርማሪ ፖሊስ አይቶ «እዚህ ቤት ምሳ መብላት ይቻላል» አለ። ሠራተኛው ወዲያው «እትዬ በረኪና» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስ ተቀየሙ፤ ግን እኔ ባሰብኩት ምክንያት አልነበረም። «በረኪና የሰነፍ መድኃኒት ነው። እኔ በረኪና የምጠቀም መስያቸው ነው?» አሉ።

ደንቡን ያከብሩ ነበር። ሰው ዕቃ ሲያይ ያስፈርማሉ፣ ሲመልስ ያስፈርማሉ። በላስቲክ ውስጥ የቆሸሸ ልብስ ሲያዩ ብቻ ጥርሳቸውን ነክሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። ማስረጃ አይታጠብም ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር መናገር ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል? የደንቡ መጽሐፍ አርባ ሁለት አንቀጽ አለው፤ ስለ ማንሳት፣ ስለ ማሸግ፣ ስለ ማጓጓዝ ይዘረዝራል። ስለ ሳሙና አንድ ቃል አይልም።

የመጋዘኑ ግድያ የተባለው መዝገብ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ያኔ በከተማው ሌላ ወሬ አልነበረም። የአንድ የሕንፃ መሣሪያ መጋዘን ዘበኛ በብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ ቀጥ ያለ ሰው፣ አንድ ወዛደር ደም የነካው ሸሚዝ ለብሶ ሲሮጥ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ይህ ሰው ነገር ሁሉ በቁጥር ነው የሚናገረው። ዘበኛው የተመታበትን ብረት እንኳን «የንብረት ቁጥር ስልሳ አንድ» እያለ ነው የመሰከረው። ወዛደሩ ተያዘ፤ ሸሚዙም ከነእድፉ ገላው ላይ ተገኘ።

«ዝገት ነው» አለ ወዛደሩ። «ቀኑን ሙሉ በዝናብ ፌሮ ብረት ስሸከም ነው የዋልኩት። የሮጥኩትም ዝናብ ስለሆነ ነው።»

ማን ይስማው! ሬዲዮው «በደም የተነከረው ሸሚዝ» አለ፤ ጋዜጣው ሸሚዙን በሙሉ ገጽ አወጣው። በጥቁርና ነጭ ጋዜጣ ላይ ዝገትና ደም ደግሞ አንድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ መርማሪ ሆነ፤ ፀጉር አስተካካዬ እንኳን መቀሱን ጆሮዬ ላይ ይዞ ወዛደሩ ዘበኛውን እንዴት እንደመታው በተግባር አሳይቶኛል። ያን ቀን አንድ ወገን ፀጉሬ አጥሮ ነው የወጣሁት።

ሸሚዙ ለምን አልተመረመረም ለሚል ሰው፣ እንዳይመረመር ያደረገ አንድም ክፉ ሰው የለም። ያላስመረመረው ወረቀት ነው። ፖሊስ ለምርመራ ላቦራቶሪው ደብዳቤ ጻፈ፤ ላቦራቶሪው ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን አለ። በሁለት ቅጂ ሄደ፤ ማኅተሙ አይነበብም ተባለ። የሚነበብ ማኅተም ሲሄድ ደግሞ ፈራሚው ተቀይሯል ተባለ። ደብዳቤውን ሁሉ ፋይል ውስጥ ያሰርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው። እንዲህ እየተባለ አሥራ አራት ወር አለፈ፤ ወዛደሩም ታስሮ፣ ሸሚዙም ታስሮ። ፋይሉ ላይ ያለው አንድ ፖሊስ በዐይኑ አይቶ የጻፈው «ደም የሚመስል» የሚል ቃል ብቻ ነው። «የሚመስል» የምትለዋን ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ሲያነብ ይዘላታል። ወዛደሩን ጥፋተኛ ከተባለ የሚጠብቀው ዕድሜ ልክ እስራት ነበር።

በየቀጠሮው ሁለት ሴቶች አይቀሩም። አንዷ የዘበኛው ታላቅ እህት ናቸው፤ ከፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይቀመጡና ወዛደሩን ዐይን ዐይኑን ያዩታል። ሌላዋ የወዛደሩ ሚስት ናት፤ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማ ትከታተላለች። አንድ ቀን ከችሎት በኋላ ምድር ቤት ወርዳ የአማቴን በር ያንኳኳችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ የባሌን ሸሚዝ ስጡኝ አልልም፤ እንደማይሆን አውቃለሁ» አለቻቸው። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛው ሸሚዙ ይቅረብ ብለዋል። የሰርጋችን ሸሚዝ ነው፤ ሌላው አልቆበት ነው ለሥራ የለበሰው። እንደዚያ እንደቆሸሸ ሰው ፊት ሲዘረጋ፣ ባሏን እንዴት አድርጋ ነው የምትይዘው አይሉኝም? ገዳይ ነው ማለታቸው አነሰና በእድፍ ደግሞ ይሳቁብን?»

አማቴ ይህን እራት ላይ ነገሩን። ሚስቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ «እሱ ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ነው፣ እሷ ስለ እጥበት ታስባለች!» ብዬ ሳቅሁ። አማቴ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ምን ታውቃለህ» አሉኝ። «ሰውን ሁሉን ነገር ሲቀሙት እጁ ላይ የምትቀረው ንጽሕናው ናት።»

እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። በማግስቱ ሎሚ ከቤት ሲጠፋ ልጆቹን ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ ግቢ ጀርባ ገመድ ላይ ነጭ ሸሚዝ ተሰጥቶ ሳይ፣ ከጥበቃዎቹ የአንዱ ነው ብዬ በሥሩ አለፍኩ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ግማሹ ፖሊስ በሥሩ አልፏል።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ፋይሉን ይዤ ከዳኞቹ በታች ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። አማቴ ካርቶኑን ተሸክመው ገቡ፣ አስቀመጡ፣ ፈረሙና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ካርቶኑ በአጠገቤ ሲያልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። የማውቀው ሽታ ነው። ቤቴ ከዓመት እስከ ዓመት የሚሸተው፣ የሳሙናና የሎሚ።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ የገዛ ድምፁን ይወዳል። ተነሥቶ ካርቶኑ ላይ እጁን ጫነና ጀመረ።

«ክቡር ፍርድ ቤት! ይህ ሸሚዝ አፍ ቢኖረው ይጮህ ነበር! የሟች ደም ከዚህ ጨርቅ ላይ ሆኖ አሥራ አራት ወር ሙሉ ፍትሕ እያለ ሲጣራ ኖሯል! ዝገት ነው ያለው ተከሳሽ አሁን ዐይኑን ገልጦ ይመልከት!» አለና ሸሚዙን መዥርጦ አውጥቶ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጎ ዘረጋው።

ሸሚዙ እንደ ወተት ነጭ ነው። ኮሌታው ቆሟል፣ እጅጌው ላይ የካውያ መስመር ይታያል፣ ወልቃ የነበረችው ሁለተኛዋ ቁልፍ እንኳን ተተክላለች። ዐቃቤ ሕጉ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ገለበጠው፤ ጀርባውም ነጭ ነው። ካርቶኑ ላይ አጎንብሶ ሌላ ሸሚዝ ፈለገ። ከኋላ «ይኼ ነው እንዴ ደሙ?» የሚል ድምፅ ተሰማና ሳቅ ሊፈነዳ ሲል የመሀል ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ወዛደሩ አፉን ከፍቶ ሸሚዙን ያያል። ሚስቱ በሩ ጋ ሆና ፊቷ በርቷል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ደስ ያላት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

«ኤግዚቢት ጠባቂዋ ይቅረቡ!» አሉ የመሀል ዳኛው። «ይህ ሸሚዝ ምን ሆኖ ነው?»

«ታጥቦ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን አጠበው?»

«እኔ።» ትንሽ አሰቡና «የተኮስኩትም እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ ጠረጴዛው ሥር መግባት አማረኝ። ያ «ንጹሕ፣ ታማኝ» የሚለው ደብዳቤ ፊርማዬን ይዞ አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ነፍሱ ስትመለስ ድምፁም አብሮ ተመለሰ፤ ማስረጃ ጠፍቷል፣ ጠባቂዋ ተገዝተዋል፣ አሁኑኑ ይታሰሩልኝ እያለ አዳራሹን አናወጠው። ከዚያ የዘበኛው እህት ከአግዳሚው ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የወንድሜን ደም አጥበሽ ደፋሽው?» አሉ።

አማቴ እስከዚያች ደቂቃ ምን እንደሠሩ የገባቸው አይመስለኝም። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ኧረ በፍጹም፣ እትዬ! ደም አልነበረም። ደምማ ቢሆን አላውቀውም?»

«በምን ያውቃሉ?» አሉ ዳኛው።

«ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ደም ያጠብኩ ሰው! ደም ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው፤ የቆየ እንኳን ቢሆን ሲዘፈዘፍ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ውሃውን ያቀላዋል። ይሄንን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ግማሽ ቀን ዘፈዘፍኩት፤ ውሃው ኩልል እንዳለ ነው። እድፉም ንቅንቅ አልል አለኝ። ያኔ ዝገት መሆኑ ገባኝና ሎሚና ጨው አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እልም! ደም በሎሚ እንዲህ አይለቅም፣ ጌታዬ። የፈለገ ሰው ቤቱ ሄዶ ይሞክረው።»

«ይህ ሳይንስ አይደለም!» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «የልብስ አጣቢ ወሬ ነው!»

አማቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «የእጅጌህ ሻይ ነው፣ ልጄ፤ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሲፈስብህ በደረቅ ወረቀት አሸኸውና አባስከው። የኮሌታህ የፀጉር ቅባት ነው። ከረባትህ ላይ ያለውን እዚህ ሰው ፊት አልናገርም» አሉት።

ዐቃቤ ሕጉ ከረባቱን በእጁ ሸፈነ። የግራ ዳኛው የካባቸውን እጅጌ ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ሲያስገቡ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። የመሀል ዳኛው ግን አልሳቁም።

«እናቴ፣ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል» አሉ። «ነገር ግን እድፉ የለም። የሌለን እድፍ ዝገት ነበር ብዬ እንዴት እፈርዳለሁ? ይህ ሰው ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ነገር በዓለም ላይ ከነበረም እርስዎ አጥበው ጨርሰውታል።»

ሳቁ ቆመ። የወዛደሩ ሚስት ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ፤ አማቴም አዩት። ሸሚዙን ወስደው አጎንብሰው ትከሻውን በጣታቸው መዳበስ ጀመሩ። ድንገት ቀና አሉ።

«ስፌቱ!» አሉ። «ስፌቱን ፍቱት! የትከሻው ስፌት ድርብ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ሎሚ አይደርስም። እድፍ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚደበቀው። እንደ ድሮው ብሆን ፈትቼ አጥበው ነበር፤ ዐይኔ ደክሞ ነው የተውኩት።» ከዚያ፣ ሥራ እንደሚያስረክብ ሰው፣ «ሲያዩ ደግሞ ፎጣውንም ይዩት። ደም ያለውስ እሱ ላይ ነው» አሉ።

«የትኛው ፎጣ?»

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነጭ ፎጣ ነበር፤ ፖሊስ ከመጋዘኑ ቢሮ ያገኘውን ሁሉ ሲለቅም አብሮ የያዘው፣ በዝርዝሩ ላይ «ንጹሕ» ተብሎ የተጻፈ። አማቴ ሸሚዙን ሲተኩሱ ፎጣው ተጨማዶ ስላዩት አሳዘናቸውና እሱንም ተኮሱት።

«ካውያው ሲያርፍበት ቡናማ ሆኖ ብቅ አለ» አሉ። «በፈላ ውሃ የታጠበ ደም ነው። ደምን በፈላ ውሃ የሚያጥብ ሰው በሕይወቱ ልብስ አጥቦ አያውቅም። ሙቀቱ ደሙን ያበስለውና ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል፤ ላይ ላዩን የለቀቀ ይመስላል እንጂ አይለቅም። ይሄስ የወንድ እጥበት ነው ብዬ ስቄ አጠፍኩት።»

«ለምን ለማንም አልተናገሩም?»

«የጠየቀኝ ሰው የለማ! ቢሮው ውስጥ ጺሙን ሲላጭ የተቆረጠ ሰው መሰለኝ። ደግሞ ‹ንጹሕ› ተብሎ ተጽፏል። የተማረ ሰው ንጹሕ ነው ካለ ምን ብዬ ልከራከር?»

በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ፋይል የገለጥኩት ያኔ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ የምስክርነት ቃል፣ ገጽ ሠላሳ ሰባት። ስለ ጥንቃቄው ሲኩራራ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «የቢሮዬን ቁልፍ ከእኔ በቀር ማንም አይዝም። ሚስቴ እንኳን ገብታ አታውቅም።» ገጹን ከፍቼ መስመሩን በጣቴ እያሳየሁ ለመሀል ዳኛው አቀረብኩ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው ምስክሮች የሚቀመጡበትን ወንበር አዩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ቆሟል። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ፤ ማንም ግን አልጠየቀውም ነበር። ወደ በሩ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። በሩ ላይ የወዛደሩ ሚስት አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ መቃኑን ግራና ቀኝ ያዘችና ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

ሸሚዙና ፎጣው ታሽገው ላቦራቶሪ ሄዱ፤ አማቴ ውጤቱ እስኪመጣ ከሥራ ታግደው ቤት ዋሉ። ዐቃቤ ሕጉ እንደሚከሳቸው ዝቶ ነበርና ለእስር ቤት የሚሆን ትንሽ ሻንጣ አዘጋጁ። ሚስቴ ከፍታ ብታይ አንድ ቀሚስና ስድስት ሳሙና ነው። እኔን «አንተ ነህ ያስቀጠርካት» እያለች ታኮርፈኛለች፤ ለካስ ሥራ ፈልግላት ያለችኝ ሌላ ሴት ናት። አማቴ ለራሳቸው አልነበረም የሚፈሩት። «ስፌቱ ውስጥ ምንም ባይኖርስ? ያን ሰው በገዛ እጄ ቀበርኩት ማለት ነው» ይላሉ። በእነዚያ ቀናት ቤታችን ውስጥ አንድም ነገር አልታጠበም። ሳህን እንኳን እኔ ነበርኩ የማጥበው፤ ሲያዩኝም አልገሠጹኝም። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ሁለት ቅጂ፣ ማኅተም፣ ፊርማ ሲል የኖረው ላቦራቶሪ፣ ጋዜጠኞች በሩ ላይ ሲቆሙ በአሥረኛው ቀን መልስ ሰጠ፤ በአንድ ቅጂ። በሸሚዙ ስፌት ውስጥ የተገኘው የብረት ዝገት ነው፣ ደም የለበትም። ፎጣው ላይ ያለው የዘበኛው ደም ነው። ኃላፊው በመጨረሻ አመነ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ዕቃ ሲያስወጣ ዘበኛው ደረሰበት፣ መታው፣ እጁን በፎጣው ጠረገ፣ ፎጣውን በሻይ ማፍያው ውሃ አጠበው። ፖሊስ «ለምን አልጣልከውም?» ቢለው፣ «እንዴት ይጣላል? የቢሮ ንብረት ነው፣ ቁጥር አለው» አለ።

ወዛደሩ የተፈታ ዕለት ሸሚዙን ሊረከብ ከሚስቱ ጋር ምድር ቤት ወረደ። ላቦራቶሪው የፈታውን ስፌት አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ሰፍተውት ነበር። እዚያው ለበሰው። ሰፋው፤ እስሩ ሥጋውን ጨርሶታል። ሚስቱ አዞረችው፣ ኮሌታውን ገለጠችና ጣቷን አሳለፈችበት።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ኮሌታውን እንደገና ገለጠችና፣ «ኮሌታው ውስጥ ግን ቀርቷል» አለች።

አማቴ ጠጋ ብለው አዩ። እውነትም ቀርቷል። «ቤት ስትደርሺ በሎሚ» አሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው ለቅሶ ጀመሩ። ወዛደሩና እኔ የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፍቶን ብስክሌቱን እናያለን።

አማቴ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ወደ ሥራ ተመለሱ። የደንቡ መጽሐፍ አርባ ሦስተኛ አንቀጽ ተጨመረለት፤ በክፍሉ በር ላይም በትልቁ ተለጠፈ፦ «በዚህ ክፍል ውስጥ ማንኛውንም ኤግዚቢት ማጠብ፣ መተኮስ ወይም ቁልፍ መትከል በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ከሌላ መሥሪያ ቤት ሳይቀር ሰው እየመጣ ያነብና ይስቃል። አንድ ቀን ከሥራ አብረን ስንመለስ እኔም ስለ ማስታወቂያው ቀለድኩ። አልሳቁልኝም።

«ደም ቢሆን ኖሮስ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ሸሚዙ ላይ የነበረው። ደም ቢሆን ኖሮ እተወው ይመስልሃል? ትንሽ ያለፋኝ ነበር እንጂ አስለቅቀው ነበር። እኔ የማላስለቅቀው ደም የለም። የዚያችን ሴትዮ ወንድም ሁለተኛ እገድልባት ነበር፤ ያውም ደስ እያለኝ፣ እያንጎራጎርኩ።»

መንገዱ ላይ ቆሙ።

የዘበኛው ካፖርት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። እሱ ላይ ያለው ደም የማን እንደሆነ ማንም ተከራክሮበት አያውቅም። የኃላፊው ይግባኝ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ዓመት ከአማቴ ወንበር ፊት ለፊት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ቦታውን ይቀይሩት ብላቸው «ተወው፣ ልየው» አሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ከእድፍ ጋር ተፋጠው ተቀመጡ። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እሳቸውን ለሚያውቅ ግን፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከዚያ የከበደ ቅጣት የተቀጣ ሰው የለም።

ይግባኙ ውድቅ ሆኖ መዝገቡ ሲዘጋ የዘበኛው እህት ካፖርቱን ሊረከቡ መጡ። ከዚያ ችሎት ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አማቴ አስፈረሟቸውና በሁለት እጃቸው አስረከቧቸው። እህትየው ተቀበሉ፤ ግን አልሄዱም። ደረቱ ላይ የጠቆረውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ እንዴት ነው የሚለቀው?» አሉ።

አማቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው ዘግይተው አያውቁም። ያን ቀን ዘገዩ። «በቀዝቃዛ ውሃ» አሉ። «ግን ይልቀቅ ይላሉ?»

«ይልቀቅ። በቃው። ብቻዬን ግን አልችልም።»

በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ የሚከለክለው በክፍሉ ውስጥ ማጠብን ነው። ወደ ግቢው ጀርባ ወጣን። ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከሳፋው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። ውሃው ቀላ፤ አማቴ ደፉትና ሌላ አምጣ አሉኝ። ስምንት ባልዲ አመላለስኩ። በስምንተኛው ውሃው ኩልል አለ። እህትየው ግን እጃቸውን ከውሃው አላወጡም፤ አማቴም አውጡ አላሏቸውም።